ቁራኛ፤ ዕዳና ድግስ በላስታ

በዛሬው አማርኛችን ታምሞ ብዙ ጊዜ የተኛን ሰው «የአልጋ ቁራኛ» እንለዋለን። ቃሉ ከየት እንደ መጣ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቁራኛ ማለት ሁለት ሰዎች በአንድ ሰንሰለት ተያይዘው የሚውሉበትና የሚያድሩበት ሥርዓት ነበር፤ በአንዱ ጫፍ ባለገንዘቡ፣ በሌላው ጫፍ ባለዕዳው። ባለዕዳው ዋስ እስኪጠራ ወይም ያለበትን እስኪከፍል ድረስ ከአበዳሪው ጋር አብሮ ይበላል፣ አብሮ ይተኛል፣ ዳኛም ፊት አብሮ ይቆማል። ብረት ባልተገኘበት ስፍራ የአንዱ ነጠላ ጫፍ ከሌላው ነጠላ ጫፍ ጋር ይቋጠር ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ አገራችንን ያዩ የውጭ አገር ሰዎች ይህን በጽሑፍም በፎቶግራፍም አስቀርተውልናል። ከነዚያ ፎቶግራፎች አንዳንዱን ያየ ሰው፣ ከሁለቱ ማን አበዳሪ፣ ማን ተበዳሪ እንደ ሆነ ለመለየት ይቸገራል። ሰንሰለቱ ሁለቱንም እኩል ይዟቸዋልና።

የዚህ የዓመት መጽሔት አዘጋጆች ስለ ዕዳና ስለ ቤተሰብ ወጪ ታሪካዊ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት በሒሳብ ሥራ ነውና ስለ ባንኮቻችን ታሪክ እጽፋለሁ ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። ሆኖም የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በሩን ሲከፍት፣ የኢትዮጵያ ገበሬ መበደርንና ማበደርን ከተማረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈውት ነበር። ስለዚህ ከባንኩ መስኮት ይልቅ ከተወለድሁበት አገር፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ፣ ከላስታ መጀመርን መረጥሁ።

የላስታ ገበያ ጥንት የሚገበያየው በአሞሌ ነበር። ጨው ከአፋር በረሃ ተቆፍሮ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ በሰቆጣ በኩል ወደ ደጋው ይወጣል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችንን ሲዞር ጨው በገንዘብነት እንደሚሠራና ከማዕድኑ በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚወደድ ጽፏል። ይህ ሰው ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አብዝቼ ብጽፍ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ የሠጋው ነው፤ የጨው ወሬው ግን ያለ ክርክር ታምኖለታል። በኋላም ማርያ ትሬዛ ብር መጣ። ገንዘቡ ተለዋወጠ እንጂ የመበደር ምክንያቱ ብዙም አልተለወጠም።

ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንዱን የሆድ ዕዳ፣ ሌላውን የስም ዕዳ እላቸዋለሁ፤ ስያሜው የራሴ ስለ ሆነ አንባቢ በመዝገበ ቃላት አይፈልገው።

የሆድ ዕዳ በየዓመቱ የሚመላለስ ነው። መኸሩን ብቻ የሚጠብቅ ገበሬ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራው ይራቆታል። ከባለጸጋው ጎረቤት አንድ ቁና ገብስ ተበድሮ ጥር ላይ አንድ ተኩል ይመልሳል፤ ዘመኑ ሲከፋም አንዱ ለሁለት ይሆናል። የተበደረው እህሉ በተወደደበት ወር፣ የሚከፍለው በረከሰበት ወር ስለ ሆነ በገንዘብ ሲተመን ልዩነቱ ይጠባል የሚሉ አሉ። እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ተበዳሪው የሚበላው እህል እንጂ ትመና አይደለም፤ ጥር ላይ የሰጠውን እንደገና ሐምሌ ላይ ይለምናል። ያም ሆኖ ይህ ዕዳ ልክ ነበረው። ሆድ ሲጠግብ ያበቃል።

የስም ዕዳ ግን ልክ አልነበረውም። ሰው በሞተ በሣልስቱ፣ በሰባቱ፣ በዐሥራ ሁለቱ፣ በሠላሳው፣ በአርባው፣ በሰማንያው፣ በመንፈቁና በዓመቱ መታሰቢያ ይደረግለታል፤ ድግሱ የሚገነው በአርባው፣ እህል ካልደረሰም ቆይቶ በዓመቱ ነው። ለጠላው ገብስና ጌሾ፣ ለእንጀራው ጤፍ፣ ለወጡ በሬና በግ፣ ቅቤና በርበሬ፣ ለካህናቱ የተለየ መሶብ፣ ለዳሱ እንጨትና ቅጠል፣ ለዚህ ሁሉ ደግሞ ሳምንት ሙሉ የሚደክሙ ሴቶች ያስፈልጋሉ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለሞተው የሚጠይቀው ጸሎት፣ ቅዳሴና ለድኻ መመጽወት ነው። በሬው የሚታረደው ግን ለሟች ነፍስ ሳይሆን ለቋሚው ስም ነበር። የጎረቤቴ የአባቱ ተዝካር ሁለት በሬ ከወደቀበት፣ የኔ አባት ተዝካር በአንድ በሬ ቢያልፍ «አባቱን እንደ ውሻ ቀበረ» እባላለሁ። እኛ የሒሳብ ሰዎች መነሻ ዋጋ የምንለው ነገር እዚያ የጎረቤት ድግስ ነበር፤ መነሻው በየዓመቱ ወደ ላይ ይሄዳል እንጂ አይወርድም።

«እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» የሚለው አነጋገር የወጣው እንግዲህ ከዚህ ዓይነት ኑሮ ይመስለኛል። ሁሉም እንደ ቤቱ ቢኖር ኖሮ አነጋገሩ ባላስፈለገ።

አያቴ ያረፉት በ1950ዎቹ ውስጥ ነው፤ እኔ ፊደል የጨረስሁ ልጅ ነበርሁ። አባቴ ካሏቸው ሁለት የእርሻ በሬዎች አንዱን አረዱ። የቀረውን ወጪ በብድር ሞሉ፤ አበዳሪያቸው የአገራችን ሰው ነበር፣ ክፉም አልነበረም። መያዣ የሰጡት ከወንዙ ዳር ያለችውን ጥሩ ማሳ ሲሆን፣ ውሉም አገሩ ወለድ አገድ የሚለው ነው። ርስትን መሸጥ ነውር በሆነበት አገር ርስትን በዕዳ ማስያዝ ግን የተለመደ ነበር። በወለድ አገድ አበዳሪው መሬቱን እያረሰ ምርቱን ለራሱ ይወስዳል፤ ይህ በወለዱ ፈንታ ነው። ዋናው ገንዘብ ግን እንዳለ ይቆማል። አባቴ ስድስት ዓመት ያንን ማሳ ከማዶ ሆነው ሲታጨድ አዩ፤ በሰባተኛው ዓመት ዕዳቸው በመጀመሪያው ቀን ከነበረው አንዲት ብር አልጎደለችም። እኔ ሒሳብ የሚባለውን ትምህርት የወደድሁት፣ ወይም የፈራሁት፣ በዚያ ጊዜ ነው። ስድስት ዓመት ተከፍሎበት የማይቀንስ ቁጥር ምን ዓይነት ቁጥር ነው?

ሕግ አልነበረም እንዳይባል ሕግ ነበረ። ፍትሐ ነገሥት በወንድም ላይ ወለድ መጫንን ያወግዛል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አራጣን ይቀጣ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የተተካውም የወንጀል ሕግ ይቀጣል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ተዋዋዮች በጽሑፍ ያልወሰኑት ወለድ በዓመት ከመቶ 9 እንዲሆን፣ የተወሰነውም ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ደንግጓል። (ባንኮች በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የሚሠሩ ስለ ሆነ እዚህ አይገቡም።) የአራጣ አበዳሪ በበኩሉ በወር ከመቶ 10 መጠየቁ የታወቀ ነው። ልዩነቱን በቁጥር ለማየት፣ 1,000 ብር በሕጉ ጣሪያ ቢበደሩት በዓመቱ 1,120 ብር ይሆናል። በወር ከመቶ 10 ተበድረው ወለዱ ሳይከፈል በዋናው ላይ እየተደመረ ቢሄድ ግን በዓመቱ ከ3,138 ብር በላይ ይደርሳል። አበዳሪው ዳኛ ፊት የሚያቀርበው ወረቀት ይህን አይናገርም፤ 200 ሰጥቶ «300 ተበድሬአለሁ» የሚል ያስፈርማልና። በወረቀቱ ላይ ወለድ የሚባል ቃል ከነጭራሹ የለም። ዳኛ ያላየውን አይፈርድም።

አባቴ ከዚህ እንዴት እንደ ወጡ መተረክ ያለብኝ ለቤተሰቤ ክብር ስል አይደለም። መንገዱ የአገሩ ሥርዓት ስለ ነበረና በኋላ በሙያዬ ያየሁትን ስላስታወሰኝ ነው።

የላስታ ሰው መሞቱ ሲታወቀው የነፍስ አባቱን አስጠርቶ ይናዘዛል። ኑዛዜ የሃይማኖት ነገር ብቻ አይደለም። በሽማግሌዎች ፊት «ለእገሌ ይህን ያህል አለብኝ፤ እገሌ ዘንድ ይህን ያህል አለኝ» ብሎ መቁጠርም አለበት። ሳይናዘዝ የሞተ ሰው ዕዳውን ለልጆቹ በጨለማ ያወርሳል፤ «የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ» የተባለው ለዚህ ነው። እንግዲህ የሀብትና የዕዳ መግለጫ የምንለውን እኛ ከውጭ መጻሕፍት የተማርነውን ነገር፣ የላስታ ገበሬ በቃሉ፣ በምስክር ፊት፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ ያዘጋጀው ነበር። ችግሩ የሚያዘጋጀው ሊሞት ሲል ብቻ መሆኑ ነው።

አባቴ ሳይታመሙ ተናዘዙ። በሰባተኛው ዓመት፣ ከጥምቀት በኋላ፣ የነፍስ አባታቸውንና ሦስት ወንድሞቻቸውን ቤት ጠርተው ያለባቸውን አንድ በአንድ ቆጠሩ። እናቴ ከዝርዝሩ ግማሹን የሰማችው በዚያ ቀን ነው። ቄሱ መጀመሪያ ደንግጠው «ምን ታየህ?» አሏቸው። አባቴም የታያቸው ያቺ ማሳ መሆኗን ተናገሩ። ከዚያ ወንድማማቾቹ ተመካከሩና አንዱ በሬውን ለመከናጆ አገናኘ፣ ሁለቱ ዋናውን ገንዘብ በሦስት መኸር ለመክፈል ከአባቴ ጋር ተካፈሉ። በዚያው ጉባኤ የተነሣ ሌላ ነገር ግን ከገንዘቡ ይልቅ ከብዶ ነበር። አባቴ፣ አያቴ ማለትም እናታቸው በሚያርፉበት ጊዜ ተዝካሩ ቅዳሴና ለድኻ የሚቆረስ ዳቦ ብቻ እንዲሆን አሁኑኑ ቃል እንግባ አሉ። አያቴ ጓዳ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «እኔ በሬ አልጠየቅኋችሁም» አሉ። ቃሉ ተገባ፤ በኋላም ተፈጸመ። አገሩ አምቶናል። ዓመት ሳይሞላ ግን ከአሚዎቻችን ሁለቱ አባቴ ዘንድ እየመጡ የነፍስ አባታችሁ ምን አሉ ብለው መጠየቃቸውን አስታውሳለሁ። ሰዎቹ ድግስ ለመቀነስ የፈለጉት አስቀድመው ነበር፤ የፈሩት ብቻቸውን መጀመሩን ነው።

የአገሩ ልማድ በሰፊው የተለወጠው ግን በምክር ሳይሆን በመከራ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን መሸጥንና ማስያዝን ሲከለክል ወለድ አገድንም በስሙ ጠርቶ ከለከለ። ከዚያ በፊት የ1966ቱ፣ ከዚያ በኋላ የ1977ቱ ረኃብ ወሎን መታ። በ1977 ዓ.ም. ማን ለማን ይደግሳል? በመጠለያና በመንገድ ዳር የወደቁት ያለ ተዝካር ተቀበሩ። ከሞት የተረፉት ወደ ቀያቸው ሲመለሱ አብዛኛው በሬ አልነበረውም፤ ለአንድ ቀን ጥማድ ሁለት ቀን ጉልበት ይሰጥ ነበር፣ ያም የማይሆንለት መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠ። ወላጁን ያለ ድግስ የቀበረ ሰው በዝቶ ስለ ነበር ያለ ድግስ መቅበር ነውርነቱ ቀረ። ወሎ ቅሬ በሚለው፣ ሌላው አገር ዕድር በሚለው ማኅበር የሐዘን ቤት ወጪ መጠን እየተበጀለት የመጣውም ይህ መነሻ ሆኖት ነው ብዬ አምናለሁ። አንዳንዱ ድግስ ቀስ በቀስ ተመልሷል፤ በተለይ ሠርግ።

የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሕዝቡ አብቁተ የሚለውና በኋላ ፀደይ ባንክ የሆነው፣ በ1989 ዓ.ም. በአክሲዮን ማኅበርነት ሲቋቋም ለገበሬው ያመጣው ነገር አዲስ አልነበረም። መሬት በዚያን ጊዜ መያዣ ስለማይሆን ተበዳሪዎች በቡድን ሆነው አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆኑ ነበር። ይህ የጥንቱ ዋስ ነው። ከአራጣ ብዙዎችን አውጥቷል፤ ይህን አለመመስከር ግፍ ነው። ሁለት ችግር ግን ነበረበት። በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ጋር ተያይዞ ለበግ፣ ለንብና ለበሬ ብድር ሲሰጥ፣ ዝናም በቀረበት ዓመት በጉ ይሞታል፣ ዕዳው ይኖራል። መክፈያው በደረሰም ጊዜ ባለዕዳው ሁሉ በአንድ ሰሞን ከብቱን ገበያ ስለሚያወጣ ዋጋው ይወድቃል። የቡድኑም ዋስትና ጎረቤትን በጎረቤት ላይ ዘበኛ ያደርጋል። ቁራኛ ያልሁት ይህንንም ይነካል።

ከላስታ ወጥተን ጥቂት ርቀን እንመልከት፤ የምንመለሰው ወደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍሬዝኖ በምትባል ከተማ ለሚኖሩ ሰዎች፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ 60,000 ያህል የብድር ካርዶችን በፖስታ ላከ። ባንኩ በጊዜው የማይከፍል ከመቶ 4 ያህል ይሆናል ብሎ ገምቶ ነበር፤ ከመቶ 22 ሆነ። ሥራው ግን አልተተወም፤ ዛሬ ቪዛ የምንለው ከዚያ ወጣ። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በመጀመሪያው ዓመታቸው ያችን ካርድ ሲቀበሉ እንደ ስጦታ እንደሚቆጥሯት ብዙዎቹ ነግረውኛል። የካርዱ ቁልፍ ዝቅተኛ ክፍያ የሚባለው ነው። በዓመት ከመቶ 24 የሚታሰብበት 1,000 ዶላር ዕዳ በወር 20 ዶላር ወለድ ያፈራል። ባለካርዱ 25 ዶላር ቢከፍል ከዋናው የሚነካው 5 ዶላር ነው፤ 20 ብቻ ቢከፍል ዋናው ምንም አይነካም። ይህን ሒሳብ መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ያ የወንዝ ዳር ማሳ ትዝ አለኝ። ወለድ አገድ ነው፤ የሚታጨደው ደመወዝ መሆኑ ብቻ ልዩነቱ ነው።

የላሊበላ ከተማ ሰው ካርዱን ያወቀው በጎብኚ እጅ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ ከተማው እንግዳን ተስፋ አድርጎ አደገ፤ ሆቴል የሠራው፣ መኪና የገዛው፣ የዕደ ጥበብ ሱቅ የከፈተው ብዙው በብድር ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መጣና እንግዳው ቀረ። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ጦርነቱ ከተማውን ከእጅ ወደ እጅ አፈራረቀው፤ ከዚያም በኋላ ሰላሙ አልጸናም። ገቢው ቆሞ ወለዱ አልቆመም።

በዚሁ ዘመን ብድር ወደ ስልክ ገባ። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር፣ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ አነስተኛ ብድር መስጠት ጀመረ። ከአገልግሎቶቹ አንዱ «እንደኪሴ» ይባላል፤ በስልኩ ያለው ገንዘብ ለሚገዛው ነገር ሳይበቃ ሲቀር ጉድለቱን ይሞላል። ያለ መያዣ፣ ያለ ዋስ፣ በሌሊትም ቢሆን። አራጣ አበዳሪ ደጅ መቆምን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለታመመ ልጅ መድኃኒት ገዝቷል። ስያሜውን ግን ከአያቶቻችን አነጋገር ጋር አስተያዩት፤ እነርሱ «እንደ ቤቴ» ይሉ ነበር። በቁራኛው ዘመን ዕዳ በአደባባይ በሰንሰለት ይታይ ነበር፤ በአብቁተ ዘመን አራት ጎረቤት ያውቀው ነበር፤ ይህን ግን ከባለ ስልኩ በቀር የሚያውቀው የለም። ውርደቱ ቀርቷል፣ ምስክሩም አብሮ ቀርቷል።

ባለፈው ጊዜ ወደ ላሊበላ በሄድሁ ጊዜ የወንድሜ ልጅ ዘንድ አደርሁ። አስጎብኚ ነው፤ እንግዳ ከጠፋ ወዲህ አልፎ አልፎ በቀን ሥራ ይውላል። ማታ ስልኩ ደጋግሞ ይጮኽ ነበር። «ስንት አለብህ?» አልሁት። «ብዙ አይደለም ጋሼ» አለኝ። ብዙ አለመሆኑን አልጠየቅሁህም፤ ስንት ነው አልሁት። አያውቀውም ነበር።

የልጁን የትምህርት ቤት ደብተር አምጥቶ አንዱን ገጽ በመካከል ሰመርነው፤ በአንድ ወገን «ያለብኝ»፣ በሌላው «ያለኝ»። የስልኩ ብድር ሦስት ቦታ ተገኘ፤ ሁለተኛው የተወሰደው አንደኛውን ለመክፈል ነው። የሱቅ ዱቤ፣ አስቀድሞ ያወጣው ዕቁብ ቀሪ ክፍያ፣ የታላቅ እኅቱ ገንዘብ። በሌላው ወገን የነበረው ጥቂት ስለ ነበር አልዘረዝረውም። ሚስቱ ቡናውን ይዛ ስትገባ ደብተሩን ሊከድን እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ ተወው፣ እርሷም ቁጭ ብላ ከላይ ጀምራ አነበበችው። የሱቁን ዱቤ አሳንሶ ጽፎት ኖሮ እርሷ አረመችው።

ከዝርዝሩ ግርጌ፣ ገና ያልተበደረበት ሆኖ ለመጪው ወር ያሰበው፣ ለታናሹ ልጅ ክርስትና የሚታረድ ሙክት ነበር። እስክርቢቶውን በላዩ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ እናቱን ጠይቆ እንደሚወስን ነገረኝና መብራቱን አጠፋነው።